ሉልሰገድ የቆመበት ሦስተኛው ዙር

ቅዳሜ ጠዋት ናቲ ጸጉር ቤት መሄድ ልማዴ ነው። ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጎን ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ሦስት ወንበርና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አላት። ከራሴ ላይ የሚቆረጥ ብዙ ነገር የለም። የምሄደው ለወሬው ነው። ናቲ እዚሁ ዳላስ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው እንደ ጠባብ ጫማ እያስቸገረው ይናገራል፣ እጁ ግን የተባረከ ነው። ያን ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ የቆየ የቦክስ ግጥሚያ ያሳይ ነበር። እዚህ አገር ስሙ የገነነ አንድ ሻምፒዮን አገጩን ከግራ ትከሻው ኋላ ደብቆ የሚመጣበትን ቡጢ ሁሉ በትንሽ የአንገት ዘንበልታ ያሳልፋል። ተጋጣሚው ደክሞታል፣ ተናዷል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ሻምፒዮኑ ገና ከቤቱ የወጣ ይመስላል።

«ኦል ታይም ግሬት ነው እኮ!» አለ ናቲ፣ መቁረጡን አቁሞ። «ማለቴ፣ ማንም ሂት ሊያደርገው አልቻለም። ፊቱን እየው፣ ክሊን!»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መስፍን የሚባል፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ከመስታወቱ ውስጥ በንቀት አየው። «ምኑ ነው ግሬት? የሚሮጥ ሰው! ቦክስ ማለት ቆሞ መማታት ነው። ይሄ እኮ ሥራው መሸሽ ነው። ቲኬት ገዝቼ ቢሆን ገንዘቤን መልሱ እል ነበር።»

«ሶ፣ ጋሼ፣» አለኝ ናቲ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ… ሶሪ፣ እርስዎ ቦክስ ታውቃለህ? ማን ነው ራይት?»

«አላውቅም» አልኩ።

ዋሽቼ ነው። በዚህ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስኖር፣ በወጣትነቴ በአንድ ታላቅ ቦክሰኛ የሪንግ ማዕዘን ፎጣና ውሃ ይዤ መቆሜን ለማንም አልተናገርኩም። መስፍን «የሚሮጥ ሰው» ያላት ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ንቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስንት እሁድ ሰምቼዋለሁ። ለመውጣት ተነስቼ ኮቴን ስፈልግ በሩ ተከፈተና የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ሴት ገባች። ወደ ሃምሳ ትጠጋለች። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ይሁን እንጃ፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቤት ድረስ መጥተህ ትላጫለህ?» አለችው ናቲን። «አባቴን ነው። ከአዲስ አበባ ካመጣሁት ዓመት ሊሆነው ነው። ይረሳል፣ ዲሜንሺያ ነው ያሉት። ጢሙን ማንም ሊላጨው አልቻለም። እጅ ወደ ፊቱ ሲመጣ ጭንቅላቱን ዘወር ያደርጋል። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ብቻ… አይገኝም።»

አይገኝም። በሕይወቴ «አይገኝም» ሲባልለት የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ኮቴን እንደያዝኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አባትሽ ማን ይባላሉ?» አልኳት።

«ሉልሰገድ» አለች።

ሉልሰገድን መጀመሪያ ያየሁት መስታወት ተሸክሞ ነው። እኔ መርካቶ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሱሪው ከላይ ጠበብ፣ ከታች አስፋልት የሚጠርግ ነበር፤ ጨርቁን ይዞ ለመጣ በሦስት ብር እሰፋለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ስኳሩ እንደ ልብ። ከፊት ለፊታችን የዘፈን ሸክላ የሚሸጥ ሰው ነበረ፤ የድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ሳክስፎን ያስጮኻል። የስፌት መኪናዬ ፔዳል ሳላውቀው የዘፈኑን ምት ይከተል ስለነበር፣ ቀስ ያለ ዘፈን ሲመጣ ስፌቴም ይዘገይ ነበር። በዚያ ሁሉ ትርምስ መሃል፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ከነማዳበሪያው የሚሮጠው ኩሊ እርስ በርሱ ሲላተም፣ ሉልሰገድ ሰው የሚያክል መስታወት በቀኝ ትከሻው ይዞ ያልፋል። ከመስታወት ቆራጭ ዘንድ ተቀጥሮ የተቆረጠውን ለደንበኛ ማድረስ ነበር ሥራው። ሌላው ተሸካሚ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይጮኻል። እሱ አፉን አይከፍትም። ክፍተቱ ገና ሳይከፈት የት እንደሚከፈት ያውቃል። ወገቡን ትንሽ ሰበር፣ ትከሻውን ትንሽ ዘንበል ያደርግና አልፏል። ሰማዩ መስታወቱ ውስጥ አብሮት ይሄዳል። በበረንዳው ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የመዳፍ ታህል መስታወት ሲሰብር አላየሁትም።

እኔ በዚያን ጊዜ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ቦክስ እሠራ ነበር። ክንዴ ጠንካራ ነበር፣ እግሬ ግን የስፌት መኪና እግር ነበር፤ ከቆመበት አይነቃነቅም። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ በሩ ላይ የተጻፈው ስም ከዘመኑ ጋር አብሮ የሚቀያየር ቤት ነበር። ውስጡ ግን አይቀየርም፤ አሸዋ የታጨቀበት ጆንያ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፣ ሁሌም የላብና የካምፎር ቅባት ይሸታል። አሠልጣኛችን አሥር አለቃ ደምሴ፣ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ የድሮ ወታደር ነበሩ። «አንድ ሰው አለ፣ መስታወት ይሸከማል፣ ማንም አይነካውም» ብዬ ነገርኳቸው። «አምጣው» አሉ።

ሉልሰገድን ይዤው የሄድኩ ቀን አሥር አለቃ መሬት ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። «እዚህ ላይ ቁም። እጅህን ኪስህ ክተት። ከጋዜጣው እንዳትወርድ» አሉት። ከዚያ እኛን ስድስታችንን አሰለፉና በተራ እንድንመታው አዘዙን። ማንም አልመታውም። እኔ በሙሉ ኃይሌ የወረወርኩት ቡጢ ከጆሮው አጠገብ አልፎ የአዳራሹን ምሰሶ መታ፤ አንጓዬ ሁለት ሳምንት ቋንጣ መስሎ ከረመ። ጋዜጣው አልተቀደደም። አሥር አለቃ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኋላ ሳቃቸውን አቁመው ፊታቸው ኮስተር አለ። «ይህን ልጅ ማንም እንዳያበላሽብኝ» አሉ። ለማን እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

እንዴት ይጋጠም እንደነበር ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል። እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ትከሻውን አስቀድሞ ይቆማል። የተጋጣሚውን ጓንት አያይም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ አንገት ሥር፣ አጥንቱ ላይ ነው። «እጅ ይዋሻል፣ ትከሻ አይዋሽም» ይለኝ ነበር። ሲሸሽ በሩቅ አልነበረም፤ ቡጢው የጉንጩን ጢም የሚነካ እስኪመስል ድረስ ይጠብቅና አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ይላል። ከዚያ ግራ እጁን ቀለል አድርጎ ያስቀምጣል፣ እንደ ደብዳቤ። ሰውን በዝረራ ጥሎ አያውቅም። ሁሉንም በነጥብ አሸነፈ፤ ወታደሩንም፣ ፖሊሱንም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውንም። ማንም የማይከራከርበት ሻምፒዮን ሆነ፣ ማንም ግን አልወደደውም።

እሁድ ከሰዓት፣ መግቢያው አንድ ሽልንግ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ ነበር። ሰው ቆሎውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። የመጣው ደም ለማየት ነው፣ ደም ደግሞ የለም። «ቁም! ቁም!» ይሉታል። «ሩጫ ሜዳ ሂድ!» ይሉታል። አንዱ ወፍራም ነጋዴ ከፊት ወንበር ተነስቶ «ቆሏችንን ጨረስን፣ ቡጢ መቼ ነው የሚጀመረው?» ያለ ቀን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሉልሰገድ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ «ይሄ ሁሉ ስድብ አይሰማህም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቡጢ መቅመስ ጀግንነት ከሆነ» አለ፣ «ከሁላችን ጆንያው ይበልጣል።» እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አፍር ነበር። የሳቲን ቁምጣውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ቀይ ሳቲን ነበር፤ ጎኑ ላይ ነጭ ጥለት አድርጌበታለሁ። በማዕዘኑ ውሃና ፎጣ የምይዝለትም እኔ ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ደንበኞቼ ሱሪ እየለኩ «ያ ሰውዬህ ትናንትም ሮጠ?» ይሉኛል። ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይቃጠላል። ጓደኛዬ ድንቅ ነገር እየሠራ መሆኑን ዓይኔ ያውቅ ነበር። ጆሮዬ ግን የሚሰማው ሌላውን ነው።

የመጨረሻው ግጥሚያ ከድሬዳዋ ከመጣ የባቡር ሠራተኛ ጋር ነበር። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ግራኝ። ግራ እጁ መዶሻ ነው ይሉ ነበር። አሥር አለቃ ደምሴ እናታቸው ሞተውባቸው አገር ቤት ሄደዋል፣ ማዕዘኑ ለእኔ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ሉልሰገድ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የበለጠበት ነበር። ሰውዬው አየር ይመታል፣ ገመዱን ይመታል፣ አንድ ጊዜ ዳኛውን ሊመታ ምንም አልቀረውም። ታዳሚው ግን ተቆጣ። ከኋላ ያሉት ጀርባቸውን ወደ ሪንጉ አዞሩ። የብርቱካን ልጣጭ መጥቶ አንገቴ ላይ ተለጠፈ። «አንተ ልብስ ሰፊ!» አለኝ አንዱ፣ «ለሰውዬህ ቀሚስ ስፋለት!»

ሉልሰገድ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አላላበውም። ሁለቱንም ዙር አሸንፏል፤ ሦስተኛውን እንደ ልማዱ ቢጨርስ ያለቀ ነገር ነው። ውሃ ሰጠሁት፣ ተጉመጥምጦ ተፋ።

«ዛሬ ቁምላቸው» አልኩት።

«ምን?»

«አንድ ዙር ብቻ። መሃል ገብተህ ቁምና ተማታ። ወንድ መሆንህን ይዩና አፋቸውን ይዝጉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አይቆጣም፣ እየመረመረኝ ነው። «አንተም እንደነሱ ነው የምታስበው?» አለኝ።

የጥርስ መከላከያውን ጎማ አንስቼ አፉ ውስጥ ከተትኩለት። ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የከፋው ያ ነው።

ወጣና መሃል ቆመ። እግሩን እንደ እኔ እግር ተከለ። የመጀመሪያው ግራ ቡጢ ሲያርፍበት የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ፤ ሀይዌይ ላይ የመኪና ጎማ ጉድጓድ ሲመታ፣ በር በነፋስ ሲዘጋ፣ ያው ድምፅ ነው። ማንም እሱ ላይ ቡጢ ሲያርፍ አይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ሉልሰገድ መታ፣ ተመታ፣ መታ፣ ተመታ። ቀኝ ዓይኑ በዙሩ አጋማሽ ተደፈነ። አንድ ጊዜ ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል ራሱን በገመዱ ይዞ ቀና አለ። እኔ ፎጣ መወርወር እችል ነበር፣ ፎጣው እጄ ላይ ነበር። አልወረወርኩም። እየጮህኩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙ ነገር ከራሴ ደብቄያለሁ፣ ይህን ግን ልደብቀው አልቻልኩም፤ ያን ጊዜ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። በነጥብ አሸነፈ። ሲሰድቡት የኖሩት ሰዎች ሪንጉ ላይ ወጥተው በትከሻቸው ተሸከሙት። ያ ወፍራም ነጋዴ ጉንጩን እየሳመው አለቀሰ። ከአዳራሹ ወደ ፀሐይ ሲያወጡት ከላይ ሆኖ በቀረው አንድ ዓይኑ ሰው መሃል ይፈልገኝ ነበር። አየሁት። እጄን አውጥቼ አላሳየሁትም።

ዓይኑ አልዳነም። ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተላቋል፣ ብርሃን እንጂ ሌላ አያይም አሉ ሐኪሞቹ። አሥር አለቃ ከለቅሶ ሲመለሱ በረንዳዬ ድረስ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። «ማን ነው ቁም ያለው?» አሉኝ። «ራሱ ነው» አልኩ። ከዚያ ሄዱ፣ እኔም ወደዚያ አዳራሽ ተመልሼ አልገባሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሉልሰገድ መስታወት ተሸክሞ በፊቴ አለፈ። እንደ ልማዱ በቀኝ ትከሻው ነው። ከቀኙ አንድ የአቡጀዴ ጥቅል የተሸከመ ሰው መጣ። እኔ አየሁት፣ እሱ አላየውም። የመስታወቱ መሰበር ድምፅ የሸክላ ሻጩን ሳክስፎን አስቆመ። ሉልሰገድ ቁና ቁና አልተነፈሰም፣ አልተጣላም። ተንበርክኮ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው እንዳይቆረጥ ትንንሿን ሁሉ በጣቱ ፈለገ። አሥር እርምጃ አይርቀኝም ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ የስፌት መኪናዬን ረገጥኩ። ያን ቀን የሰፋሁት ሱሪ መጋጠሚያው ጠማማ ሆኖ ደንበኛው መለሰው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ እንደሚታወቀው ሆነ፤ ሰው ተበተነ። እኔ በሱዳን አድርጌ እዚህ ደረስኩ። መኪና ማቆሚያ ጠበቅኩ፣ ኋላ ሆስፒታል አንሶላ ክፍል ገብቼ እስከ ጡረታ ሠራሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ከእኔ ዘመን ሰዎች ጋር ስንገናኝ፣ የቦክስ ወሬ ከተነሳ፣ ሉልሰገድን የሚያነሱት በአንዲት ነገር ብቻ ነው። «ያች ሦስተኛ ዙር!» ይላሉ። «እንዲያ ያለ ጀግና!» ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ማንም ያልነካው መሆኑን የሚያነሳ የለም። እኔም ከማጨብጨብ ሌላ አላደረግኩም።

ከጸጉር ቤቱ ቅዳሜ በኋላ በማግስቱ ከቅዳሴ ስወጣ ናቲ መጥቶ ወሰደኝ። ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ ጣቢያ ብዙ የማይርቅ አፓርትመንት ነው። ፓርክ አድርገን ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። ሰላማዊት፣ ያቺ ልጁ፣ በሩን ከፈተች። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም፤ «የሰፈር ሰው ነኝ» ብቻ ብያታለሁ።

ሉልሰገድ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የልጅ ልጁ ሪቻርድሰን ከተማ የምትማርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም የያዘ ሹራብ ለብሷል። ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ እስከ አንገቱ ወርዷል። የቀኝ ዓይኑ ወተት መስሏል። ናቲ ማሽኑን አስነስቶ ወደ ጉንጩ ጠጋ አለ። ጭንቅላቱ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ አለ። ናቲ በሌላ በኩል ሞከረ፤ ፈቀቅ። ሰላማዊት ከኋላ አገጩን ልትይዝለት ሞከረች፣ እጇ ባዶ አየር ጨበጠ። ዓይኑ ማሽኑ ላይ አልነበረም፤ የናቲ አንገት ሥር ያለው አጥንት ላይ ነበር።

«ኖ ዌይ!» አለ ናቲ። «ጋሼ፣ እጄን ሉክ እያደረገ አይደለም እኮ! እንዴት ነው የሚያውቀው?»

ሰላማዊት ፈገግ አለች። «ወጣት ሆኖ ቦክሰኛ ነበር። ሻምፒዮን። ማንም አይመታውም ነበር ይላሉ። ዓይኑ የጠፋው በመጨረሻው ቀን ነው።» ፎጣውን ትከሻው ላይ እያስተካከለች ቀጠለች። «አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛ ነበረው። ‹ተው፣ አትቁም፣ አሸንፈሃል› ብሎ ለመነው አሉ። እሱ ግን የሰው ጭብጨባ አምሮት እምቢ አለ። ትንሽ ሆነን ‹አባዬ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?› ስንለው ‹ጓደኛዬን ባለመስማቴ ነው፤ እናንተ የሚወዳችሁን ሰው ስሙ› ይለን ነበር።»

ወቀሳ ቢሆን ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ገብቼበት በማላውቅ ቤት ውስጥ፣ በማላውቃቸው ልጆች ፊት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስሜን ሲከላከልልኝ ኖሯል።

«እንደዚያ አይደለም የሆነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ። ቁም ያልኩት እኔ ነኝ። አልፈለገም ነበር። ወንድ መሆንህን ይዩ አልኩት። ፎጣው እጄ ላይ ነበር፣ አልወረወርኩም።»

ናቲ ማሽኑን አጠፋ። ሰላማዊት ፎጣውን ከአባቷ ትከሻ አንስታ ወደ ኩሽና ሄደች። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማን፣ ብዙ ወረደ። ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ነበር።

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?» አለች። «ዓይኑ የጠፋው የእሱ ነው። ለእሱ ይንገሩት።»

«ይገባው ይሆን?»

«እንጃ። ቢሆንም ይንገሩት።»

ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩና ነገርኩት። ስሜን ነገርኩት፣ መርካቶን፣ ባቡር ሠራተኛውን፣ ያልኩትን ቃል በቃሉ። ለአሥር አለቃ የዋሸሁትን፣ መስታወቱ ሲሰበር አንገቴን መድፋቴን። እሱ አንገቴ ሥር ያለውን አጥንት እያየ ሰማ። ስጨርስ «ውሃ» አለ። ብርጭቆ ሰጠሁት። ተጉመጥምጦ መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ተፋው፣ አፉንም በክንዱ ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ሰላማዊት በሩን ትከፍትልኛለች፣ ሻይ ታስቀምጥልኛለች፣ እዚያው ክፍል ግን አትቀመጥም። መላጨቱንም ለምደነዋል፤ ሳሙናውን በራሱ እጅ ላይ አደርግለታለሁ፣ እሱ ፊቱን ይቀባል፣ እኔ እጁን በእጄ ይዤ ምላጩን ቀስ አድርገን አብረን እናወርዳለን። የራሱን እጅ አይሸሽም። በየሳምንቱ ታሪኩን እንደ አዲስ እነግረዋለሁ፣ በየሳምንቱም ይረሳዋል። አንዳንዴ «እሺ» ይላል። አንዳንዴ «አንተ ማን ነህ?» ይለኛል። አንድ ቀን አለቀሰ፣ በእኔ ይሁን በሌላ ነገር አላወቅኩም። የተናዘዝኩት ሁሉ ከእሱ ወጥቶ ወደ እኔ ይመለሳል። ቤቴ ስገባ አብሮኝ ይገባል።

ናቲና መስፍን አሁንም ይከራከራሉ። አሁን ግን እኔም እመልሳለሁ። ሚዛን የሚያውቅ ሰው እንደሚፈርድ ልፍረድ ካልኩ፣ የቴሌቪዥኑ ሻምፒዮን የዓለምን ምርጦች ገጥሟል፤ ሉልሰገድ የገጠመው ወታደርና ባቡር ሠራተኛ ነው። ቡጢው ቀላል ነበር። ከአገር ወጥቶ አልተፈተነም። በታሪክ መዝገብ ሁለቱን የሚያወዳድር ይሳቅበታል። ነገር ግን መስፍን የሚያደንቀው ዓይነት ጀግንነት፣ ያ ቆሞ መመታት፣ ማንም ይችለዋል፤ እኔ እንኳ ችዬዋለሁ፣ አፍንጫዬ ይመስክር። ሰው እየሰደበህ፣ ጓደኛህ እያፈረብህ፣ ራስህንም ተጋጣሚህንም ሳትጎዳ ማሸነፍ ሌላ ነው። የሉልሰገድን ትልቅነት በዚያች ዙር የሚለኩ ሁሉ ተሳስተዋል። ያች ዙር የእሱ አይደለችም፣ የእኔ ናት። የእሱ ከዚያ በፊት ያሉት ናቸው፣ ማንም ያላጨበጨበላቸው።

ባለፈው እሁድ ስገባ ፊቱ ንቁ ነበር። ላጨነው፣ በሞቀ ውሃ ጠረግኩት። ታሪኩን ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«ግጥሚያው አለቀ?» አለኝ።

ሰላማዊት ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«አለቀ» አልኩት።

«ማን አሸነፈ?»

«አንተ።»

አልተደሰተም። የገዛ ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰ፤ አገጩን፣ ጉንጩን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የማያየውን ዓይኑን። እጁ እዚያ ላይ ቆየ። በአንድ ዓይኑ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ አጥንቴን አይደለም፣ ዓይኔን።

«ነክቶኛል እንዴ?»

ስንት እሁድ እውነቱን ነግሬዋለሁ። አፌ ላይ ነበረ፣ እንደ ጸሎት ለምጄዋለሁ። ልጁ በሩ ላይ ሆና የምለውን ትጠብቃለች።

«የለም» አልኩት። «አንዴም አልነካህም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጭንቅላቱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ጣለ። እጁ ከዓይኑ ላይ ወረደ። ሰላማዊት ከጠረጴዛው ሥር ወንበር ስባ አመጣችና አጠገባችን ተቀመጠች።